የዓመቱን የወፍ ቆጠራ ከመስከረም 1 ነው የምጀምረው፤ እናንተስ?

ጥቢ በገፈርሳ | መስከረም 8 ቀን 2018

እንኳን አደረሳችሁ ወዳጆች። አዲሱን ደብተር ከፈትኩ።

መስከረም 1 ሐሙስ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ገፈርሳ ግድብ ዳር ነበርኩ። ጤዛው ጫማዬን አርሶታል። የመጀመሪያው መስመር ላይ የገባችው ጋጋኖ ናት። እሷን የሚቀድም የለም፤ ጎህ ሳይቀድ መንጋው እየጮኸ ያልፋል። ቀጥሎ ክንፉ ላይ ሰማያዊ ያለበት የእኛው ዝይ። ከዚያ ቁራ፣ ጭልፊት፣ ዋኔ። እስከ 3 ሰዓት 27 ዓይነት ጻፍኩ። ሁሉም ግን የሀገር ልጆች ናቸው። እንግዶቹ ገና ነበሩ።

እሁድ መስከረም 4 ተመልሼ ሄድኩ። ላሞቹ እግር ሥር አንዲት ቢጫ ወፍ ጭራዋን እየነቀነቀች ትሮጣለች። የሎ ዋግቴል! አምና መስከረም 7 ነበር ያየኋት። ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ነው። በረሃና ባሕር አቋርጣ መጥታ እዚህ ላም እግር ሥር ዝንብ ትለቅማለች። በየዓመቱ አያታለሁ፣ በየዓመቱ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይዘላል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ብዙዎቻችሁ የዓመት ዝርዝራችሁን በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ነው የምትጀምሩት። ወፍ ቆጣሪዎች ያዩትን የሚጭኑበት ድረ ገጽ ኢበርድም የሚቆጥረው እንደዚያ ነው። እኔም ለአራት ዓመት እንደዚያ ሳደርግ ቆየሁ። ግን አልዋጥልህ አለኝ። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ወፎች አብዛኞቹ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይገባሉ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይመለሳሉ። ጃንዋሪ 1 ደግሞ ዘንድሮ ታኅሣሥ 23 ነው። መሃል ላይ ይውላል። በዚያ ቀን ደብተር ስትዘጋ የአንዱን መንጋ ቆይታ ለሁለት ትቆርጠዋለህ። ከመስከረም ከጀመርክ ግን መምጣታቸውም መሄዳቸውም አንድ ደብተር ውስጥ ይገባል። እዚያ ቅጠል ሲረግፍ እዚህ አደይ ይፈካል። የእኛ አዲስ ዓመት ለወፍ ቆጣሪ ሆን ተብሎ የተሰራ ነው የሚመስለኝ።

እናንተ እንዴት ነው የምትቆጥሩት?

የሜዳ አስጎብኚ | መስከረም 9

ወንድሜ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። ሐሳብህን አከብራለሁ፤ ግን አልስማማም።

ሥራዬ ማስጎብኘት ነው። ሀገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት አላት። በዓመት 400 ማለፍ ከፈለግክ ባሌ መውጣት፣ ያቤሎ ሄደህ ቡሽ ክሮው የምትባለውን የቁራ ዘመድ ማየት፣ ሊበን ሜዳ ላይ ላርክ የምትባለውን ትንሽ ወፍ ስትፈልግ መዋል አለብህ። እነዚህ ወፎች የትም አይሄዱም። መስከረም ሆነ ጃንዋሪ ለነሱ ልዩነት የለውም። እኔ ደግሞ ውጤቴን ኬንያ ካለው ጓደኛዬ ጋር ማወዳደር እፈልጋለሁ። ዓለም ሁሉ በአንድ ካላንደር ሲቆጥር እኛ ብቻችንን ለምን እንለያለን?

ሌላው ጳጉሜ ናት። 2015 ጳጉሜ 6 ስለነበረች የ2016 መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ነው የዋለው። ዘንድሮ ሴፕቴምበር 11 ነው። መጀመሪያ የታየችበትን ቀን ከዓመት ዓመት ስታወዳድር ይህን አስበኸዋል?

ሆራ ዳር | መስከረም 10

ለሁለታችሁም ሰላምታዬ ይድረስ። ቢሾፍቱ ነው የምኖረው። መምህር ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ።

ልጄ፣ በመስከረም መጀመርህ ደስ ብሎኛል። ግን ነሐሴ ላይ የሚገቡትን ምን ልታደርጋቸው ነው? ግሪን ሳንድፓይፐር የሚባለው የውሃ ዳር ወፍ ዝናቡ ሳያባራ ነው የሚደርሰው። ቡሄ ሳይጨፈር ሐይቁ ዳር አይቼው አውቃለሁ። በየትኛውም ቀን ደብተር ብትዘጋ አንድ ነገር መቁረጡ አይቀርም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ቤቴ ውስጥ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያሉ ደብተሮች አሉ። ወጣት ሳለሁ የወፉን ስም ብቻ ጽፌ አልፍ ነበር። «ጨለለቃ፣ ክሬን፣ ዳክዬ፣ ሽመላ።» በቃ። ጨለለቃ እዚህ ቢሾፍቱ ያለ ረግረጋማ ሐይቅ ነው፤ ክሬን ደግሞ ረጅም አንገትና እግር ያለው ትልቅ ወፍ። ስንት እንደነበሩ አልጻፍኩም። በዓመቱ መጨረሻ ዝርዝሩን ደምሬ ቁጥሩ ከአምናው ሲበልጥ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ጨለለቃ እየጠበበ፣ ዙሪያው ቤት እየሆነ ሲሄድ ሰዎች ይጠይቁኛል። «ድሮ ስንት ክሬን ነበር?» ይሉኛል። መልስ የለኝም። ብዙ ነበር ከማለት በቀር የምለው የለኝም። የዚያን ጊዜ አምስት ደቂቃ ቆሜ ብቆጥር ኖሮ ዛሬ ማስረጃ በእጄ ነበር።

ስለዚህ አሁን ሦስት ነገር እጽፋለሁ። መጀመሪያ የታየበትን ቀን፣ ስንት እንደሆኑ፣ ያላየሁትንም። ይህን ሦስተኛውን አትናቁብኝ። ጨለለቃ ሄጄ አንድም ዳክዬ ካላየሁ «ዳክዬ 0» ብዬ ነው የምጽፈው። ከሃያ ዓመት በኋላ ባዶ ገጽ የሚያነብ ሰው ወፉ ይጥፋ እኔ ልቅር ማወቅ አይችልም። ዜሮ ካለ ግን ሄጄ እንደነበር ያውቃል።

ጥቢ በገፈርሳ | መስከረም 11

ጋሼ፣ የጻፉትን ሦስቴ አነበብኩት። እስከ ዛሬ ዜሮ ጽፌ አላውቅም። ከዛሬ ጀምሮ እጽፋለሁ።

ነሐሴ ላይ የሚገቡትን በደብተሩ የኋላ ገጽ «ቀዳሚዎች» ብዬ ለብቻ አሰፍራቸዋለሁ። መስከረም ላይ እዚያው ስለሚቆዩ በአዲሱ ቁጥርም ይገባሉ።

አስጎብኚው፣ የጳጉሜው ነገር ትክክል ነው። የአንድ ቀን ጉዳይ ቢሆንም ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ኢበርድ ላይም እጭናለሁ፤ ስለዚህ ከዓለም አልተለየሁም። የሌሎች ሀገሮችን ወፍ ቆጣሪዎች የሚጠቅመው ቀኑና ብዛቱ ነው። ዓመቴን በየት ቀን እንደምዘጋ የራሴ ጉዳይ ነው።

ሰላም ከሱሉልታ | መስከረም 19

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ ነኝ፣ ቆጠራ የጀመርኩት በዚህ ወር ነው። እስካሁን 19 አለኝ። ሁለት ጥያቄ አለኝ።

አንደኛ፣ ጭራ የምትነቀንቅ ወፍ ሁሉ የሎ ዋግቴል ናት? ሜዳው ላይ ቢጫ አየሁ፣ ወንዙ ጋ ደግሞ ግራጫ።

ሁለተኛ፣ ከትላንት ወዲያ መስቀል ነበር። አያቴ ጓሮ ቆማ «ያውልሽ የመስቀል ወፍ» አለችኝ። ጥቁርና ቢጫ ናት፣ ቄጠማው ላይ እንደ ኳስ ተነፋፍታ ትበራለች። አያቴ በዓመት አንዴ ነው የምትመጣው ትላለች። ታዲያ ከሩቅ የምትመጣ ወፍ ናት? የት ብዬ ልጻፋት?

ጥቢ በገፈርሳ | መስከረም 19

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። 19 ቀላል አይደለም።

ዋግቴሎቹ የተለያዩ ናቸው። ከብት ካለበት ሜዳ ላይ የምታይው ቢጫው እንግዳ ነው። ራሱን ልብ ብለሽ እይው። ሰማያዊ ግራጫ ራስ ያለው አለ፣ ጥቁር ራስ ያለው አለ። ከተለያየ አገር የመጡ ናቸው፣ እዚህ ግን አንድ ላይ ነው የሚለቅሙት። በዚህ ወቅት ግን ብዙዎቹ የዘንድሮ ጫጩቶች ስለሆኑ ቀለማቸው ደብዛዛ ነው። ካልለየሽ ዝም ብለሽ የሎ ዋግቴል ብለሽ ጻፊ። ወንዝ ዳር ያየሽው ከጭራው ሥር ቢጫ ካለው ግሬይ ዋግቴል ነው፤ እሱም እንግዳ ነው። ምንም ቢጫ ከሌለው ደግሞ ማውንቴን ዋግቴል ሊሆን ይችላል፤ እሱ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው።

የመስቀል ወፍን በተመለከተ አያትሽ ትክክል ናቸው፣ ግን ወፉ ከሩቅ የመጣ አይደለም። በየአካባቢው የመስቀል ወፍ የሚባለው ይለያያል። አንቺ የገለጽሽው ግን ቢሾፕ ከሚባሉት ትንንሽ ወፎች ወገን ይመስላል፣ ወንዱ። ወንዱ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ቡናማ ነው፣ ድንቢጥ ነው የሚመስለው። ዝናብ ሲገባ ላባውን ይቀይርና ጥቁርና ቢጫ ይሆናል፤ አንዳንዱ ዓይነት ጥቁርና ቀይ። ሴቲቱን ለመሳብ ነው ተነፋፍቶ የሚበረው። ከዚያ ወቅቱ ሲያልፍ ያወልቀዋል። ሰው የሚጠፋ ይመስለዋል። «እንደ መስቀል ወፍ ጠፋህ» የምንባባለው ለዚህ ነው። ወፉ ግን አልጠፋም፣ እዚያው ጓሮ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከሀገር ልጆች ጋር ጻፊው። ደግሞም እዚያው ቦታ በየሳምንቱ እየሄድሽ ላባው መቼ እንደሚቀየር መዝግቢ። እኔ ይህን አድርጌ አላውቅም፣ አንቺ ግን ጓሮሽ ነው።

ሰላም ከሱሉልታ | መስከረም 26

እሺ፣ እጀምራለሁ።

ግን አንድ ያስከፋኝ ነገር አለ። ትላንት እሁድ ከአንድ ግቢ አጥር አጠገብ ሆኜ ዛፍ ላይ ያለች ወፍ በባይኖኩላር ሳይ ጥበቃው መጣ። ምን እየሰለልሽ ነው አለኝ። ወፍ ነው ብዬ ብነግረው አላመነኝም። ባይኖኩላሬን ወስዶ ግማሽ ሰዓት አቆየኝ። በመጨረሻ መለሰልኝ፤ ግን እያለቀስኩ ነው ቤት የገባሁት። ብቻዬን ስለሆንኩ ፈራሁ። ሌላ ቀን ልወጣ አስቤ ቀረሁ።

ሆራ ዳር | መስከረም 27

ልጄ፣ አይዞሽ። ይህ የደረሰብን ብዙ ነን። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።

ልምዴን ልንገርሽ። አዲስ ቦታ ስሄድ መጀመሪያ ወደ ወፉ አልሄድም። ወደ ጥበቃው ነው የምሄደው። ሰላም እለዋለሁ፣ ስሜን እነግረዋለሁ፣ የወፍ ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ እከፍትለታለሁ። «ይችን እዚህ አይተሃት ታውቃለህ?» እላለሁ። ከዚያ ባይኖኩላሩን ራሱ እንዲያይበት እሰጠዋለሁ። ጭልፊት ምንቃር ድረስ ሲታየው የማይገረም ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሆራ አካባቢ የሚሠራ አንድ ጥበቃ ዛሬ የእኔ ቀኝ እጅ ነው። ሌሊቱን እዚያ ስለሚያድር እኔ የማልሰማውን ይሰማል። አንድ ማለዳ ደውሎ «ጋሼ፣ እነዚያ ባለረጅም አንገቶቹ እየጮኹ አለፉ» አለኝ። የዚያን ዓመት የመጀመሪያ ክሬኖች ነበሩ።

ጦር ካምፕና ትልልቅ ተቋም አጠገብ ግን ጨርሶ አትቁሚ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ደግሞ ከሰው ጋር ውጪ። ጥቅምት 1 ቅዳሜ ኦክቶበር ቢግ ዴይ ነው፣ በዓለም ዙሪያ በአንድ ቀን ወፍ የሚቆጠርበት። ገፈርሳ የሚሄድ ካለ ይዟት ይሂድ።

ጥቢ በገፈርሳ | ጥቅምት 2

ትላንት አራት ሆነን ገፈርሳ ወጣን፤ ሰላምም ነበረች። 58 ዓይነት! ሳንድፓይፐር ሦስት ዓይነት፣ ዊቲር የሚባሉት ትንንሽ የሜዳ ወፎች ሁለት ዓይነት፣ ውሃው ላይ ዝቅ ብለው የሚበሩ ባርን ስዋሎዎች። ንብ የሚበሉት ቢኢተሮች ከላያችን እየጮኹ ወደ ደቡብ አለፉ። ድምፃቸውን ቀድማ የሰማችው ሰላም ናት። መርሊን የሚባለው፣ ድምፅ ሰምቶ ወፍ የሚለየው መተግበሪያ ስልኩ ላይ ስም አወጣ፣ እኛ ግን በዓይን እስክናያቸው ጠበቅን። ስልኩ ያለውን ብቻ ይዤ አልጽፍም።

ዜሮም ጻፍን። ከዳክዬዎቹ ሾቨለር 0፣ ፒንቴይል 0። ጋሼ፣ ሲጻፍ ደስ የሚል ነገር ነው።

አጉር | ጥቅምት 8

ሰላም፣ ከሰሜን እስራኤል ነው የምጽፈው። ውይይቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበብኩት።

እዚህ ሁላ ሸለቆ አጠገብ ነው የምኖረው። በ1950ዎቹ በፈረንጆቹ ሐይቁን አድርቀው እርሻ አድርገውት ነበር። በ1994 ከፊሉን መልሰው ውሃ ሞሉት። አሁን በዚህ ወቅት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ክሬን ይሰበሰባል። በዕብራይስጥ አጉር ይሉታል፤ ስሜን ከዚያ ነው የወሰድኩት። ገበሬዎቹ ማሳቸው እንዳይበላባቸው ለብቻው በቆሎ ይበተንላቸዋል። ከፊሉ እዚሁ ይከርማል። ከፊሉ ግን ያርፍና ወደ ደቡብ ይቀጥላል፤ ወደ እናንተ። ከፊንላንድና ከኢስቶኒያ መከታተያ የተገጠመላቸው ክሬኖች ጣና ዙሪያ ደርሰው ታይተዋል።

ከቤተሰቤ ጋር ስመጣ ልጅ ነበርኩ፣ ከደንቢያ። እዚህ መጀመሪያ አባቴን ወደ ሁላ ስወስደው አውቶቡስ ሳይቆም በመስኮት አይቶ ተነሳ። «እነዚህ እኮ የኛ ሽምብራ የሚበሉት ናቸው!» አለ። በዚያ ቀን ብዙ አወራ። በልጅነቱ ማሳ ሲጠብቅ በወንጭፍ ያባርራቸው እንደነበር፣ ከሰማይ ድምፃቸው ሲሰማ ብርድ መግባቱን እንደሚያውቁ። ከዚያ በፊት ስለ ደንቢያ እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ትልቅ መንጋ ሙቀት ጠብቆ እየተሽከረከረ ወጣ። ወደ ደቡብ ሄደ። ማን መጀመሪያ እንደሚያያቸው ንገሩኝ።

ዓባይ ማዶ | ጥቅምት 27

ወንድም አጉር፣ ደርሰዋል!

ትላንት ፎገራ ነበርኩ። ሩዝ የታጨደበት ማሳ ላይ ቃርሚያ ይለቅማሉ። ማምሻውን ወደ ማደሪያቸው ሲበሩ ቆጠርኩ፤ 214። በመለከት ድምፅ ነው የሚጣሩት፣ ከሩቅ ይሰማል። ለጀማሪዎች፣ ትልቅ መንጋ ሲመጣባችሁ አትደንግጡ። መጀመሪያ አስሩን አንድ በአንድ ቁጠሩ። አስር ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ዓይናችሁ ይያዘው። ከዚያ በዚያው ስፋት አስር፣ ሃያ፣ ሠላሳ እያላችሁ ተከተሉ። ሁለቴ ቁጠሩና ሁለቱንም ጻፉ።

አንዱ እግሩ ላይ ባለቀለም ቀለበት ነበረው። በቀኝ እግሩ ሰማያዊና ነጭ አየሁ፣ የታችኛውን ጭቃ ሸፈነብኝ። ግራውን ሳር ጋረደው። እንዴት እንደተቆጨሁ አትጠይቁኝ።

አጉር | ጥቅምት 27

እግዚአብሔር ይስጥሽ። ለአባቴ ደውዬ ነገርኩት። «ሽምብራው ደርሷል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ቀለበቱን አሁንም ሞክሪ። በእያንዳንዱ እግር ላይ ሦስት ቀለም ነው የሚሆነው፣ የአንዱ እግር ቀለም የታሰረበትን ሀገር ያሳያል። ከላይ ወደ ታች፣ ቀኝና ግራ ለይተሽ ጻፊ። ፎቶ ካለሽ ደብዛዛም ቢሆን አትሰርዢው።

ዓባይ ማዶ | ጥቅምት 27

ለአባትህ ንገርልኝ። ሽምብራው ገና እየተዘራ ነው።

የሜዳ አስጎብኚ | ኅዳር 8

አዲስ አበባ ያላችሁ ወደ ላይ ማየት አትርሱ። ከከተማው ቆሻሻ መጣያና ከቄራ በላይ የሚዞረው ሁሉ የምናውቀው ጭልፊት አይደለም። የእኛው ጭልፊት ምንቃሩ ቢጫ ነው። በዚህ ወቅት ግን ከሰሜን የመጣ ጥቁር ምንቃር ያለውም ይቀላቀላል። ጥንቃቄ አድርጉ፤ የእኛው ጫጩትም ምንቃሩ ጥቁር ነው። ትላንት ከመካከላቸው ስቴፕ ንስር አየሁ፣ አራት። ይህ ንስር በዓለም ደረጃ ለመጥፋት የተቃረበ ነው ተብሎ ከተመዘገበ ቆይቷል። እኛ ዘንድ ቆሻሻ ላይ ሲለቅም ሰው ቀና ብሎ አያየውም።

ደግሞ ልናገር። በዚህ ወር አንድም አዲስ ቦታ አልሄድኩም። ያለሁበትን ነው የቆጠርኩት፣ ዜሮውንም። ጃንዋሪን አልተውኩም፣ ግን ሁለተኛ ደብተር ገዝቻለሁ።

ሆራ ዳር | ኅዳር 10

ደግ አደረግህ። ጨለለቃ ላይ ሰኞ 31 ክሬን፣ ጋርጋኒ ዳክዬ 12፣ ሾቨለር 40 ገደማ። በዚያው በሰሜኑ ዳር አዲስ አፈር ተደፍቷል። እሱንም ጽፌያለሁ።

ጥር አካባቢ የውሃ ወፎች ቆጠራ በመላው አፍሪካ ይካሄዳል። ቆጠራውን ከሚያካሂዱት ጋር ለመሰለፍ የምትፈልጉ ከወዲሁ ንገሩኝ። ቢሾፍቱ ለሚመጣ ቤቴ ክፍት ነው። ቡና አለ።

ሰላም ከሱሉልታ | ታኅሣሥ 6

እመጣለሁ ጋሼ። አያቴንም ይዤ መምጣት እችላለሁ?

የዓመቱ ቁጥሬ 83 ደርሷል። ግን ሌላ ነገር ልነግራችሁ ነው። የጓሮውን የመስቀል ወፍ በየእሁዱ ሳየው ቆይቻለሁ። መስከረም 25 ቄጠማው ላይ ሰባት ጥቁርና ቢጫ ነበሩ። ጥቅምት 30 አምስት። ኅዳር 21 ሁለት፣ እነሱም ነጠብጣብ ሆነዋል። ትላንት ጥቁርና ቢጫ 0። ቡናማ መንጋ ግን 30 የሚሆን አጥሩ ላይ ሰፍሯል። ባይኖኩላሩን ለአያቴ ሰጠኋት። ብዙ ጊዜ ፈጀባት፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ደግፌ ያዝኩላት። ከቡናማዎቹ አንዱ ዞር ሲል ከጭራው በላይ ቢጫው እንዳለ ቀርቷል።

«እንዴ!» አለች። «እዚሁ ነህ እንዴ?»